ድመት ለአራተኛ ፎቅ

አንባቢ ሆይ፣ ጓደኞቼ በዚህች መጽሔት ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ አገርና ስለ ሞት ሲጽፉ እኔ ስለ ድመት ልጽፍ መነሣቴ ሳያስቅህ አይቀርም። ሳቅ፤ ግድ የለም። እኛም ቤት መጀመሪያ ላይ ተስቆ ነበር። ኋላ ግን ነገሩ እየከረረ ሄደና፣ ገና ዐይኗን ያልገለጠች አንዲት የድመት ግልገል ሦስት ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ሁዳዴን ሙሉ የሚያጨቃጭቅ ጥያቄ ሆነች። ጥያቄው አጭር ነው፦ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድመት እናምጣ ወይስ አናምጣ?

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ከኢተያ ተደወለ። የደወሉት የድሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ በኦሮምኛ አያት እንደ ማለት «አኮ» እያልን ነው ያደግነው። ሰላምታው፣ የከብቱና የዝናቡ ወሬ ካለቀ በኋላ፣ «አዱሬዋ ወልዳለች፤ አራት ናቸው። አንደኛዋ ቁርጥ እናቷን ነች። ላስቀምጥላችሁ ወይ?» አሉ። አዱሬ ማለት ድመት ነው። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያም «እስቲ ልጆቹን ልጠይቅ» ብላ መለሰች።

እናቴ እኛን አስፈቅዳ አንድ ነገር ስታደርግ ያየሁት ያን ቀን ነው። ኢተያ ሳለች በሬ ስትሸጥ እንኳ ማንንም አላስፈቀደችም።

ኢተያን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ ሽቅብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አሰላ ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት የሂጦሳ ወረዳ ከተማ ነች። ጭላሎ ተራራ ከወዲያ ሆኖ ያያታል። ዙሪያዋ ስንዴ ነው፤ ከስንዴው ወዲያም ስንዴ ነው። ወደ አሰላ ስትቀጥሉ ቁሉምሳን ታልፋላችሁ፤ እንግዲህ የእርሻ ምርምር ማዕከሉ ያለው እዚያ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ የእኛ አገር ሰው ባጭሩ «ካዱ» የሚለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን ለገበሬው ያስለመደው በዚያው ምድር ላይ ነው። እናቴ ዘመን የምትቆጥረው በስንዴ ዘር ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ «ኩብሳ» የተባለውን ዘር ስለ መታው፣ ያ ዓመት ለእሷ «ኩብሳ የተቃጠለ ጊዜ» ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግንድ ዋግ «ዲጋሉ» በሚባለው ዘር ላይ ስለ ወረደ፣ «ዲጋሉ የከዳን ዓመት» ትለዋለች። የእኔ የትምህርት ቤት ዘመን በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከልና ከነሱ በኋላ የተቀመጠ ነው።

ታዲያ ስንዴ ባለበት አይጥ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ኮምባይነሩ ማሳውን አጭዶ ሲያልፍ፣ ሜዳው ባዶ ገለባ ሲሆን፣ ያ ሁሉ የእርሻ አይጥ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሰው ቤት ይገባል። በዚያን ጊዜ ድመት የሌለው ቤት ኩንታሉን በገዛ እጁ ያጣል። ኢተያ ላይ ድመት ጌጥ አልነበረችም፤ ሠራተኛ ነበረች። የእኛዋ መልኳ አመድማ ስለሆነ፣ ልክ እንደ ላሚቱ «ዳለቻ» እንላት ነበር። ዳለቻ የምትተኛው እህል ቤት ውስጥ፣ በተደረደረው ኩንታል አናት ላይ ነበር። እናቴ ጠዋት ላሟን ስታልብ ከወተቱ በስኒ ቀንሳ ትሰጣታለች፤ ሌላውን ራሷ ሠርታ ትበላለች። በር አይዘጋባትም። የምትጸዳዳው ከጓሮ ካለው የአመድ ክምር ላይ ነው፤ ጭራ፣ ቀብራ፣ አሽትታ ትሄዳለች። ማንም አቅፏት ሲስማት አላየሁም። ሆኖም እናቴ ማታ በሩን ከመቀርቀሯ በፊት «ውሮ ገብታለች?» ብላ ሳትጠይቅ የተኛችበት ቀን የለም።

የዳለቻ እናት የሞተችው በመርዝ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ጥቁር ዱቄት፣ ያን ዚንክ ፎስፋይድ የሚሉትን፣ በቆሎ ላይ ለውሶ ለአይጥ አስቀመጠ። አይጧ በላች፤ ድመቷ አይጧን በላች። በማግሥቱ አጥር ሥር ደርቃ አገኘናት። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባል የለ፤ የኛ ቤት ዳዋ እሷ ነበረች። እናቴ ከዚያ ወዲህ መርዝ በግቢዋ እንዲያልፍ አልፈቀደችም። «አንድ ሌባ ለመያዝ ብሎ ዘበኛውን የሚገድል ሰው አስተዳደር አያውቅም» ነበር ያለችው።

ይህ በሰውና በድመት መካከል ያለው ውል የኢተያ ብቻ አይደለም፤ ጥንታዊ ነው። የቤት ድመት ዘሯ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት መሆኑን ሊቃውንት በዘር ምርመራ አረጋግጠዋል፤ ያ የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን ጫካና ቁጥቋጦ ውስጥ ይኖራል። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቆጵሮስ ደሴት ላይ 9,500 ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር መገኘቱ ተነገረ፤ በመቃብሩ ውስጥ ሰው፣ ከአጠገቡም ድመት ተቀብረዋል። ቆጵሮስ የራሷ ድመት ያልነበራት ደሴት ስለሆነች፣ ያችን ድመት ወይም አያት ቅድመ አያቷን ሰው በጀልባ አሳፍሮ እንደ ወሰዳት ግልጽ ነው። ምክንያቱን ለመገመት የኢተያ ልጅ መሆን ይበቃል። ሰው እህል ማከማቸት ጀመረ፤ አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። ማንም አልጠራትም። ራሷ መጥታ ተቀጠረች።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል። እኛ የምንኖረው ጎተራ ነው። ስሙ አያታልላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ጎተራ የተባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻዎቹ ነው፤ ዛሬ ግን ለብዙ ሰው ጎተራ ማለት ኮንዶሚኒየም ነው። እኅቴ በወር የምትገዛው ስንዴ ሁለት ኪሎ ዱቄት ነው፤ እሱም በፌስታል ታስሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አራተኛ ፎቅ ላይ አይጥ አይቼ አላውቅም። ታዲያ ጎተራ በሌለበት ጎተራ ለድመቷ ምን ሥራ ልንሰጣት ነው?

ሥራው አለ፤ ለመናገር ግን ሁላችንም አፈርን። ሥራው እናቴ ነበረች።

አባቴ ካረፈ በኋላ፣ ጉልበቷም እየደከመ ስለ ሄደ፣ እናቴን ወደ አዲስ አበባ ያመጣናት እኛ ነን። ቤቱን ለተከራይ ሰጠን፤ ላሟ ተሸጠች። ዳለቻን እናምጣት ስንል እናቴ ራሷ «ድመት የቤት ናት እንጂ የሰው አይደለችም» ብላ ለአኮ አደራ ሰጠቻት። አሁን እናቴ ጠዋት ተነሥታ ጸሎቷን ታደርሳለች፤ ቡና ታፈላለች። ከዚያ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ ወደ ታች ታያለች። እኅቴ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ለሥራ ትወጣለች። እኔ እከተላለሁ። ደረጃው 72 ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ሊፍት የለም። እናቴ ያን ደረጃ የምትወርደው ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሐኪምና ለለቅሶ ብቻ ሆነ። ኢተያ ላይ በቀን መቶ ጊዜ ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓሮ ትል የነበረች ሴት!

ስለዚህ ስልኩ በተዘጋ ማታ ጉባኤ ተቀመጥን። እኔ ገና ከመነሻው «ትምጣ!» አልኩ። አንደበቴ ተፈታ። እማዬ ጓደኛ ታገኛለች፣ የምታናግረው ፍጥረት ይኖራታል፣ ቤቱም ነፍስ ይዘራል እያልኩ ቀጠልኩ። እኅቴ ሳህን እያጠበች እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያም ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ ትዘረዝር ጀመር። «አከራያችን ምን ይላሉ? የት ትጸዳዳለች? ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት እየተሸከመ በየሳምንቱ 72 ደረጃ የሚያወጣ፣ የቆሸሸውንም የሚያወርድ ማነው? በረንዳው ክፍት ነው፤ ብትወድቅስ? ሁለተኛ ዓመት ላይ በስድስት ልጆች ብትከብደን ማን ይቀበለናል? ደግሞስ አሁን ጾም ነው፤ ምን ልትበላ ነው?»

በመጨረሻው ጥያቄ እናቴም ሳቀች። «እኛ ስንጾም እሷ ልትገድፍ ነው?» አለች። እኔም ፈጠን ብዬ «ሽሮ ትለምዳለቻ!» አልኩ። እናቴ ግን ቀበል አድርጋ፣ «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» አለችና ጉባኤው በዚያው ተበተነ።

ተማሪ ነኝና ነገሩን አጥንቼ ልረታ ቆረጥኩ። ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚማር አንድ ያገሬ ልጅ አለ። ቅዳሜ ሲመጣ ካፌ ወስጄ ሻይ ጋበዝኩትና ጠየቅኩት። ይረዳኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ለእኅቴ ጠበቃ ሆኖ ቁጭ አለ።

መጀመሪያ የሽሮውን ነገር አፈረሰው። ድመት እንደ ውሻ አይደለችም፤ ሥጋ የግዷ ነው። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራም፤ የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥናት እንደ ታየው፣ ታውሪን የጎደለባት ድመት የዐይኗ ውስጠኛው ክፍል እየሞተ ሄዶ ትታወራለች። «ስለዚህ በዓመት 180 ቀን ያህል የሚጾም ቤት ድመት ሲያመጣ፣ ሉካንዳ ቤት በሚዘጋበት ሰሞን የምትበላውን አስቀድሞ ያስብላት» አለኝ። ኢተያ ላይ ይህ ጥያቄ ያልተነሣው ዳለቻ ሁዳዴንም ሆነ ፍልሰታን ከአይጥ ጋር ስለምታሳልፍ ነበር ለካ!

ቀጥሎ በረንዳው መጣ። ድመት ከየትም ብትወድቅ በእግሯ ታርፋለች የሚባለውን ነገርኩት። እሱም በ1987 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ከተማ ከፎቅ ወድቀው ወደ ሐኪም ቤት ስለ ደረሱ 132 ድመቶች የተጻፈ ጥናት አነሣልኝ። ከአሥሩ ዘጠኙ ድነዋል። ደስ አለኝና «በቃ!» ስለው፣ «መዳን ማለት አለመጎዳት አይደለም፤ ደረታቸው የተጎዳ፣ መንጋጋቸው የተሰበረ ብዙ ነው። ደግሞ እነዚያ ሐኪም ዘንድ የደረሱት ናቸው፤ ያልደረሱትን ማን ቆጠራቸው? ወይ በረንዳውን በሽቦ አጥሩት፣ ወይ በሩን ዘግታችሁ ተቀመጡ» አለ።

ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም እንደሚይዝ፣ ስለዚህ ክትባት እንደሚያስፈልጋት ነገረኝ። ድመት ገና የስድስት ወር ልጅ ሆና ልታረግዝ እንደምትችል፣ እርግዝናዋም ሁለት ወር ብቻ እንደሆነ፣ ካላስመከንናት የእኅቴ «ስድስት ልጆች» ቀልድ አለመሆኑን አስረዳኝ። በመጨረሻ ዋናውን ጣለብኝ። ቤት ውስጥ በደንብ የተያዘች ድመት አሥራ አምስት ዓመት ልትኖር ትችላለች። አሥራ አምስት ዓመት! እኔ የማውቀው ትልቁ የጊዜ መለኪያ ምረቃ ነው። ከምረቃ በኋላ የትኛው አገር እንደምመደብ፣ ሥራ ስለ ማግኘቴ እንኳ የማላውቅ ሰው የአሥራ አምስት ዓመት ውል ልፈርም ነው ማለት ነው።

«አንድ ጥሩ ነገር የለውም እንዴ ታዲያ?» አልኩት ተስፋ ቆርጬ።

«አለው እንጂ። ጊዜ አላችሁ። ግልገል ከእናቷ ጋር ስምንት ሳምንት ያህል ብትቆይ ጥሩ ነው። አሁን ሁዳዴ ነው፤ ጾሙ 55 ቀን ነው። ፋሲካ ላይ ልትወስዷት ትችላላችሁ። እስከዚያ አስቡበት።»

አሰብንበት። ነገሩን ሳላስረዝም፣ አንድ በአንድ መፍትሔ አገኘሁለት። አከራያችንን በስልክ ጠየቅናቸው፤ «ውሻ አይሆንም፤ ድመት ከሆነች ግን ጎረቤት እንዳታስቸግር» አሉ። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነትን የሚመለከተው በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የግል ቤቱንና የጋራ መጠቀሚያውን ለይቶ ማስቀመጡን አነበብኩ፤ የኛ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብም ስለ ድመት አንዲት ቃል እንደማይል አረጋገጥኩ። ሰጋቱራ በነጻ የሚሰጥ እንጨት ቤት አገኘሁ። ለበረንዳው የዶሮ ሽቦ ዋጋ ጠየቅኩ። ከኢተያ እስከ አዳማ፣ ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ በምን ዘንቢል እንደምትመጣ እንኳ ወስኜ ነበር። አንድ ማታ ይህን ሁሉ በወረቀት አዘጋጅቼ ለእናቴ አነበብኩላት። እንደ ተመራቂ ተማሪ ጽሑፌን ቆሜ ተከላከልኩ በሉት።

እናቴ ጥጥ እየፈተለች ሰማችኝ። እስክጨርስም አላቋረጠችኝም።

«ጎሽ፤ ደክመህበታል» አለች። ከዚያም እንዝርቷን አስቀምጣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለችኝ።

«ጠይቂኝ እማዬ።»

«ድመቷን የምታመጣት ለእኔ ነው ወይስ በአንተ ፋንታ?»

መልስ አልነበረኝም። እኅቴም ያን ጊዜ ወደ ኩሽና ገባች፤ ለምን እንደ ገባች ገብቶኛል። ጥያቄው ለእሷም ነበርና።

ያን ሌሊት ሳምንቴን ቆጠርኩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም 3 ሰዓት እመለሳለሁ። ትምህርቱ ያን ያህል ሰዓት አይፈጅም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ካፌ አለ፣ ስለ ሕዝብ ብሶት የምንከራከርበት አግዳሚ ወንበር አለ። ቤት ስገባ እናቴ ነቅታ ትጠብቀኛለች። «ራት አለ?» እላለሁ። «አለ» ትላለች። «ዋልሽ?» እላለሁ። «ተመስገን» ትላለች። በቀን የምንነጋገረው ይህን ነው። ስለ ብቸኛ አረጋውያን የሚያሳዝን አጭር ልብ ወለድ ጽፌ በዚህችው መጽሔት ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ብዙዎቻችሁ ወዳችሁልኛል። ያን ታሪክ የጻፍኩት ማታ ማታ ካፌ ተቀምጬ ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። ለእናቴ ያዘጋጀሁላት ድመት፣ በሽቦ የታጠረ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ታች የምታይ ድመት ነበረች። በር የማይከፈትላት፣ የምትሠራው ሥራ የሌላት፣ የሰው እግር ኮቴ እየሰማች መምሸቱን የምትጠብቅ። ብቸኝነትን ላጥፋ ብዬ አንዱን ብቸኝነት ሁለት ላደርገው ነበር ማለት ነው። ያገሬ ልጅ ያልነገረኝ፣ በወረቀቴም ላይ ያልነበረው ቅራኔ ይህ ነበር።

እንዲህ እያልን ፋሲካ ደረሰ። በኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው እንደሚያውቀው በግ የሚታረደው በየቤቱ አይደለም፤ በጋራ መገልገያው ቤት ነው። የበዓሉ ዕለት ጠዋት እኅቴ ከጎረቤት ጋር ተካፍላ በገዛችው በግ ምክንያት ሁላችንም መውረድ ነበረብን። እናቴ «ቆዳውን ሳላይማ አላምናችሁም» አለችና ተነሣች። ክንዷን ይዤ፣ በየፎቁ መታጠፊያ እያሳረፍኳት 72ቱን ደረጃ ወረድን። አንድ በርጩማ ይዤ ስለ ነበር ስትደክም በሱ ላይ ትቀመጣለች። ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ሴትዮ ብቅ ብለው «እንኳን አደረስዎ እማማ፤ እዚህ ሕንፃ ላይ ነው እንዴ የሚኖሩት?» አሏት። እናቴ እዚያ ሕንፃ ላይ ከገባች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

ከማረጃው ቤት በር ላይ አንዲት ቢጫ ድመት ነበረች። አንድ ጆሮዋ ተቀዷል። የማንም አይደለችም፤ የሁሉም ነች። ሕፃናቱ አንዱ «ሎሚ»፣ ሌላው «ነብሮ» ይሏታል። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ ከአንጀቱ ቁራጭ አንሥታ «ውሮ፣ ውሮ» አለች። ድመቷ ከሩቅ አየቻት፤ አመነታች፤ መጣች። በላች። ከዚያም እናቴ እግር ሥር፣ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ፣ ኩንታል ላይ እንደምትተኛው እንደ ዳለቻ ኩርምት አለች። እናቴ አልነካቻትም። «ነብሰ ጡር ናት» አለች ወዲያው፤ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩ። ማንም ልብ አላለም ነበር። አንዲቱ «ውይ፣ የት ትወልድ ይሆን?» አለች። ሌላዋ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ስላለው ካርቶን ተናገረች። ጨዋታው በዚያ ተጀመረ። ከአርሲ ነን ያሉ ሌላ ሴት ተገኙ፤ እናቴ «ዲጋሉ የከዳን ዓመት» ስትል የገባት ሰው በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። በጉ ተገፎ አልቆ፣ ሥጋው ተካፍሎ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ስመጣ እናቴ ገና አልጨረሰችም።

ማታውን ወደ አኮ ደወልን። ግልገሏን እንደማንወስድ እናቴ ራሷ ነገረቻቸው። «እንግዲያስ ለወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልስጣት? ሲለምነኝ ነበር» አሉ አኮ። እናቴ «መርዝ ያስቀምጣል?» ብላ ጠየቀች። እንደማያስቀምጥ ስታረጋግጥ «ስጪው፤ ሥራ ታገኛለች» አለች። እኔ ትንሽ ቅር ብሎኛል፤ አልዋሽም። ያችን እናቷን የመሰለች ዳለቻ በስልክ ፎቶ አይቻት ነበር።

ይህን ስጽፍ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ሁሉ ድመት አታምጡ ማለቴ አይደለም። ሥጋዋን የሚችል፣ በረንዳውን የሚያጥር፣ የሚያስከትብና የሚያስመክን፣ ከሁሉም ይልቅ ቀን ቀን ቤት የሚውል ሰው ያለው ቤት ያምጣ፤ ደግ ነገር ነው። ዶርም የምትኖሩት ግን እባካችሁ ተዉት፤ ክረምት ሲመጣ ሁላችሁም ወደየአገራችሁ ትሄዳላችሁ፤ እሷ ወዴት ትሄዳለች? የኔ ነገር ከዚህ ሁሉ ተለየ። እኔ የፈለግሁት ድመት ሳይሆን ተተኪ ነበር። ሰው በገዛ ቦታው ተተኪ ሲፈልግ ደግሞ ቦታውን መልቀቁን አያውቀውም።

ነገሩ ሁሉ ተቃንቷል ብዬም አላታልላችሁ። የእናቴ ጉልበት ያው ነው። ኢተያን መናፈቋ አልቀረም፤ «ለኅዳር አጨዳ ልሂድ» እያለች ነው፤ ከሄደች ትመለስ ይሆን ብለን እኔና እኅቴ በዐይን እንጠያየቃለን። እስከዚያው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በፊት ቤት ለመግባት ተስማምተናል፤ ሁለቱ ቀን የኔ፣ ቅዳሜ የእኅቴ። በርጩማውን ይዘን እንወርዳለን። አንዳንድ ጊዜ በመንገዳችን ላይ ከሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ ይጨመራሉ። ቢጫዋ ድመት ሦስት ወልዳለች፤ ሁለቱ ቢጫ፣ አንዱ ግን አመድማ። እናቴ አይታው ምንም አላለችም፤ ከፊስታሏ የዓሣ ጭንቅላት አውጥታ ለእናቱ ሰጠች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሰዓቱም ደርሷል፤ በርጩማውን ይዤ ልሂድ።